መልስ፦ ማጣሪያው ከሮቶ በፊት ወይስ በኋላ?
ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ቤትህ የውሃ ማጣሪያውን ከሮቶ በፊት ላስገጥም ወይስ በኋላ ብለሃል። እንደ ዓይነቱ ነው። የደለል ማጣሪያ ከሆነ ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከሮቶው በፊት ይግባ። የክረምቱ ጭቃ ሮቶው ሥር አይከማችብህም። ከሰል ያለበት ግን ከሮቶው በኋላ ነው። ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን ስለሚያስወግድ፣ በፊት ካስገባኸው ውሃው ሮቶ ውስጥ ያለ መከላከያ ይቀመጣል። ይህን ሻጭ ሲናገር አልሰማሁም!

ከማጣሪያው ፊትም ኋላም ቫልቭ፣ በጎኑ ደግሞ ውሃው ማጣሪያውን ዘሎ የሚሄድበት ማለፊያ መስመር አሠራለት። አለዚያ ካርትሬጅ (ውስጡ ያለውን ተቀያሪ ማጣሪያ) በቀየርክ ቁጥር ቤቱ ሙሉ ውሃ ያጣል። የማጣሪያው ክዳን ላይ ያለው ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት ይዙር። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ቀዳዳው በጣም ጠባብ የሆነው ባለ 5 ማይክሮን ይቅርብህ፣ ሰፋ ያለው ባለ 20 ይበቃል። ያለዚያ ውሃው ሮቶው ላይ መውጣት ያቅተዋል። የደለል ማጣሪያ ጀርም አይገድልም፤ የሚጠጣውን አፍላው።