መስመሩ ለምን ተመልሶ ይወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል በ1፡72 መጠን (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ) እየገጣጠምኩ ነው። የአካሉን ግራና ቀኝ አጣብቄ፣ በማግስቱ ስንጥቁን በመኪና ስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቀለም ከቀባሁት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ጀርባው ላይ መስመሩ ተመልሶ ወጣ። ጥፋቱ የስቱኮው ነው?
ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ዋናው ጥፋት የስቱኮው ሳይሆን የጊዜው ነው። የሞዴል ሙጫ እንደ ኮላ መሃል ገብቶ የሚይዝ አይደለም፤ ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ (ፖሊስታይሪኑን) ራሱን አሟሙቶ ሁለቱን ጠርዞች አንድ ያደርጋቸዋል። የሟሟው ፕላስቲክ መጀመሪያ ያብጣል፣ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ደግሞ ይሰምጣል። በማግስቱ ያለሰለሱት ገና እንዳበጠ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ሲሰምጥ መስመሩ ወጣ። ስቱኮም ሲደርቅ ይኮማተራልና የራሱን ጨምሮበታል።

ለሚቀጥለው ሥራ፣ ከማጣበቅዎ በፊት ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተው የሁለቱን ግማሾች ጠርዝ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ይሳቡበት። ጠርዙ ከተስተካከለ ስቱኮ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀጭኑን ሙጫ በብሩሽ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስነኩት፤ ስንጥቁ ራሱ ይስበዋል። ግማሽ ደቂቃ ቆይተው ሲጫኑት የሟሟ ፕላስቲክ እንደ ክር ቀጥኖ ብቅ ይላል። ይህች ክር የሥራው ሁሉ ቁልፍ ናት፤ እንዳይጠርጓት። በፕላስተር አስረው በበጋ 2 ቀን፣ በክረምት 4 ቀን ይተዉት። ክሯ በጥፍር ሲጫኗት ካልሰረጎደች ደርሳለች። ያን ጊዜ በምላጭ ጀርባ ፍቀው፣ በ400፣ በ600፣ መጨረሻ በ1000 ቁጥር ወረቀት ውሃ እያስነኩ ያለስልሱት። የስልክ መብራት በአግድም ሲያበሩበት ጥላ ካልጣለ አልቋል።

ክፍተት ከተረፈ ቁርጥራጮቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ የሩዝ ፍሬ አሳክለው ይክተፉ፣ የሙጫ ጠርሙስ ሲሶውን ይሙሉበት፣ ሲያድር እንደ ማር ይሆናል። ከራሱ ከፕላስቲኩ የተሠራ ስለሆነ ሲሞረድ እኩል ይሞረዳል፤ ሳምንት ግን ይጠብቁት። ሱፐር ግሉ ከተጠቀሙ በተቃራኒው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሙረዱት። ካደረ ከፕላስቲኩ ስለሚጠነክር ዳርና ዳሩ ተበልቶ እሱ ጉብ ብሎ ይቀራል። አሴቶንና ቤንዚን አያስጠጉ፣ ማስቲሽም ክር እየጎተተ ያበላሻል። መስኮት ከፍተው ይሥሩ።

በሞረዱ የጠፋውን፣ ሞዴሉ ላይ የተቀረጸውን የአውሮፕላኑን ቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመር ደራርበው በለጠፉት ፕላስተር እየተመሩ በስፌት መርፌ ይመልሱት፤ አራት አምስት ጊዜ በስሱ እንጂ አንዴ በኃይል አይደለም። ዲሲ-3 ላይ መድከሙ ያዋጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት በሆነው ሲ-47 ነው። የእውነተኛው ክንፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ የእርስዎ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህ መጠን ጀርባው ላይ ያለ ስንጥቅ ከሩቅ ይታያል።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ቤታችን ጣና ዳር ነው። ነሐሴ ላይ ማታ በረንዳ ላይ ስፕሬይ ስቀባ ቀለሙ ወተት መሰለ። መስኮቶቹም በሱፐር ግሉ ሳጣብቃቸው ጭጋግ ለበሱ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም ላይ የአየሩ እርጥበት እጁ አለበት። የስፕሬዩ ቲነር ሲተን የሞዴሉን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የሐይቁ ዳር አየር በክረምት ማታ እርጥበት ስለሚሞላው ጤዛ ቀለሙ ውስጥ ይታሰራል። ዝናብ ባባራበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ቀባ። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆየው፤ እሳት ላይ በፍጹም እንዳታስጠጋው። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀህ በስሱ ደራርብ። የነጣው እንዲሁ ይድናል፦ ደረቅ ቀን ጠብቀህ ያንኑ ስፕሬይ ስስ አድርገህ ብትደግምበት የላይኛው ቀለም ለስልሶ እርጥበቱን ይለቃል።

ጭጋጉ የሱፐር ግሉ ትነት መስኮቱ ላይ አርፎ የደረቀው ነው። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጥርስ ሳሙና አድርገህ በክብ በክብ እሸው፣ ይለቃል። ለመስኮት ነጩን የእንጨት ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ቀባ፤ ሲደርቅ አይታይም።

ጥያቄ፦ ቦይንግ 737 ሠርቼ በጎማው ሳቆመው በጭራው ይቀመጣል።
ከዘጌ

መልስ፦ አፍንጫው ክብደት ይፈልጋል። አካሉን ገና ሳያጣብቁ በፕላስተር አስረው፣ ዋናው ጎማ የሚገባበት ቦታ ሥር የመጻፊያ እርሳስ አጋድመው ያስቀምጡት። ወደ ፊት እስኪያዘነብል ድረስ አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨምሩ፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ግራም ያክሉ። የዓሣ ማጥመጃ ክብደት ይበቃል። የተሠራው ሊድ ከሚባለው ከባድ ብረት ከሆነ ግን በኮላ አያጣብቁት፤ ሁለቱ ተዋህደው ከጊዜ በኋላ ስለሚያብጡ አካሉን ይሰነጥቁታል። በሱፐር ግሉ ይያዝ፣ እጅዎንም ይታጠቡ። ከላይ የጠቀስነው ዲሲ-3 ግን በጭራው ጎማ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ክብደት አያስፈልገውም።