መልስ፦ ስለ ሳሂትያ አካዳሚ ሽልማት

ሰላም ወንድሜ፣ «ባለፈው ዓመት የወጣ ልብ ወለድ ለሕንዱ ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ተቋም (ሳሂትያ አካዳሚ) ሽልማት ይታያል ወይ? ልብ ወለድና ኢ-ልብ ወለድስ ለየብቻ ነው?» ላልከው፤ አይታይም፣ ለየብቻም አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓመቱ ላይ ነው። የሚወዳደረው በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ቢሆንም፣ ከሽልማቱ ዓመት በፊት ያለው አንድ ዓመት አይቆጠርም። ለምሳሌ ለ2022ቱ የታዩት ከ2016 እስከ 2020 የታተሙት ናቸው (በፈረንጆቹ)። የ2021 መጽሐፍ ተራው ገና ነበር ማለት ነው።

ሽልማቱ የሚከፋፈለው በቋንቋ ነው፤ 24 ቋንቋ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አሸናፊ። ስለዚህ ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ ሒስና የሕይወት ታሪክ እዚያው አንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። እንደኔ ትልቁ ድክመቱ ይኼ ነው፤ ልብ ወለድን ከሒስ ጋር በምን ታነጻጽረዋለህ?

ደራሲው ሕንዳዊ ዜጋ መሆን አለበት፤ ትውልደ ሕንድ መሆን ብቻውን አይበቃም። ትርጉም ሥራ የራሱ ሽልማት ስላለው እዚህ አይገባም። በየቋንቋው ሦስት ዳኞች በስምምነት ወይም በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ። አሸናፊው 100,000 ሩፒና የተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ይወስዳል፤ ሰሌዳውን የነደፈው የፊልም ሰሪው ሳትያጂት ራይ ነው።

ደራሲው ከ35 ዓመት ካልበለጠ ዩቫ ፑራስካር የተባለውን የአካዳሚውን የወጣት ደራሲዎች ሽልማትም እይለት፤ 50,000 ሩፒ ነው።