በራስ ሰራሽ አውሮፕላን ላይ በሞተሩ ሙቅ ውሃ ሚሰራ የካቢን ሂተር ስለማስገባት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ! ሚኒሶታ ላይ በጃንዋሪ ጃኬት ሳልለብስ እየበረርኩ ያለሁበትን ፎቶ ካያችሁ በኋላ ጥያቄው ስለበዛብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ላንዴ ልመልስ። ለማታውቁኝ፦ ከኪት ራሴ የገጣጠምኳት ባለ ሁለት ወንበር የብረት አውሮፕላን አለችኝ፣ ሞተሯ ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ነው፣ 100 የፈረስ ጉልበት። ሂተሩን ሁለቴ ነው የሰራሁት፣ የመጀመሪያው ጉድ ስላደረገኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፣ ልጅነቴን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ)፣ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ቴስታታ (የሲሊንደር ራስ) ስል እንዳትስቁብኝ። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሙቀት ሚወስዱት ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አይደል እንዴ? ውሃው ከየት መጣ?

መልስ፦ አብዛኞቹ አዎ። ላይካሚንግና ኮንቲኔንታል ሚባሉት የተለመዱት ሞተሮች በአየር ስለሚቀዘቅዙ ውሃ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ማርሚታው ላይ ላሜራ ይጠቀለልና በመሃል አየር ያልፋል፣ እሱ ነው ካቢን ሚገባው። የድሮ ቮልስ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያው ዘዴ ነው። ችግሩ ማርሚታው ፀጉር ምታህል ስንጥቅ ካወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀጥታ ወደናንተ ይመጣል፣ ሽታ የለው መልክ የለው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላችሁ በዛው ነው። ሮታክስ 912 ግን ሲሊንደሩ በአየር ቴስታታው በውሃ ነው ሚቀዘቅዘው፣ ስለዚህ ሙቅ ውሃ በነፃ አለ። ሙቅ ውሃ እያለኝ ከጭስ ጋር ምን አጋፋኝ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለምን በኤሌክትሪክ አላደረግከውም? ትንሽ የ12 ቮልት ማሞቂያ ኦንላይን በርካሽ አለ እኮ።

መልስ፦ ሂሳቡ አይሰራም። ሞተሩ ላይ ያለው ጄኔሬተር ቢበዛ 250 ዋት ነው ሚሰጠው፣ ከዛ ላይ ራዲዮ፣ መብራት፣ ትራንስፖንደር ይበላል። አሁን በደቂቃ 3 ሜትር ኩብ አየር በ40 ዲግሪ ላሙቅ ብትል 2 ተኩል ኪሎዋት ገደማ ትፈልጋለህ፣ አስር እጥፍ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ሚሞቅ ሰደሪያ ግን አሪፍ ነው፣ እኔም አለኝ።

ጥያቄ፦ መስመሩን ከየት ነው የቀጠልከው? ሙሉውን ውሃ በሂተሩ አሳልፈህ ነው?

መልስ፦ አይ አይ፣ እሱን በፍፁም! ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ሮታክስ ላይ ፓምፑ ውሃውን ወደ አራቱ ቴስታታዎች ይገፋል፣ ከነሱ ላይ ወዳለችው ክዳን ያላት ታንክ ይሰበሰባል፣ ከታንኳ ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ተመልሶ ወደ ፓምፕ። ዋናው ማኒኮቶ ውስጡ 25 ሚሊ ነው። እኔ ያደረግኩት ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ባለው ሙቅ መስመር ላይ አንድ ቲ (ሶስት አፍ ያለው መጋጠሚያ)፣ ከራዲያተሩ መውጫ በኋላ ፓምፑ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቲ፣ በሁለቱ መሃል 16 ሚሊ ማኒኮቶ ከነሂተሩ። ጎን ለጎን ማለት ነው፣ ተራ በተራ አይደለም። ውሃው ራዲያተር ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚቀንስ ያ ልዩነት ራሱ ወደ ሂተሩ ይገፋዋል፣ ሌላ ፓምፕ አያስፈልግም። ተራ በተራ ብታደርገው ግን ሂተሩ አንድ ቀን ቆሻሻ ቢይዝ ወይ የሂተሩ ቫልቭ ተዘግቶ ቢቀር የሞተሩ ውሃ በሙሉ ቆመ ማለት ነው፣ መኪና ቢሆን ዳር ይዘህ ትቆማለህ፣ እዚህ ዳር የለም። እኔ ሁሌ ራሴን ምጠይቀው ይሄ እቃ ቢበላሽ ሞተሩ ያውቃል ወይ ብዬ ነው። ማወቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጉድ አደረገኝ ያልከው ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እየጠበቅኳት ነበር ይቺን 😅። ያኔ የሂተሩን ራዲያተር እንደ መኪና ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ስር አስገባሁት፣ ማለትም ሙቅ ውሃው ፋየርዎሉን (ሞተሩንና ካቢኑን ሚለየውን የእሳት መከላከያ ግድግዳ) አልፎ እግሬ ስር ድረስ ይመጣል። አንድ ቀን መሬት ላይ ከዜሮ በታች 15፣ ላይ ደሞ ብዙውን ጊዜ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከዜሮ በታች ወደ 25 ገደማ፣ እየበረርኩ ጣፋጭ ጣፋጭ ሚል ሽታ መጣ። ቀጥሎ መስታወቱ ጉም ለበሰ፣ በጓንት ስጠርገው ቅባት ሆኖ ተዘረጋ፣ ባሰበት። አንቲፍሪዝ ነው። ቫልቩን ልዝጋ ስል ቫልቩን ያስቀመጥኩት ኮፈን ስር ነው፣ ለበጋ እዘጋዋለሁ ብዬ፣ ገመድ እንኳን አላወጣሁለትም። የጎን መስኮት ከፍቼ በሱ አጮልቄ እያየሁ ነው ያረፍኩት። ጥፋቱ የማንም አይደለም የኔ ነው፣ ተራ ሚጠመዘዝ ፋሸታ ነበር ያሰርኩት፣ ማኒኮቶው በብርድ ሲኮማተር ፋሸታው አብሮት አይኮማተርም፣ ላላ። ካረፍኩ በኋላ ገልጬ ሳየው ሁለት ጠብታ ማርሚታው አጠገብ ነበር ያለው። ሰው ኩላንት (ውሃና አንቲፍሪዝ የተቀላቀለው ማቀዝቀዣ) አይነድም ይላል፣ ውሃው ተንኖ አንቲፍሪዙ ውስጥ ያለው ግላይኮል ብቻ ሲቀር ግን የጋለ ብረት ላይ ይነዳል።

ሁለተኛውን ስሰራ ውሃው ከነጭራሹ ካቢን እንዳይገባ ወሰንኩ። የሂተሩን ራዲያተር ከፋየርዎሉ ፊት፣ ሞተሩ በኩል፣ የላሜራ ሳጥን ውስጥ አደረግኩት፣ ወደ ካቢን ሚገባው አየር ብቻ ነው። ፋየርዎሉ ላይ የስቴንለስ መዝጊያ አለው፣ እሳት ቢነሳ በገመድ ትዘጋዋለህ። አሉሚኒየም እንዳታደርጉ፣ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ፋየርዎል ሚፈተንበት ነበልባል 1,100 ገደማ ነው። ፋሸታው አሁን ስፕሪንግ ያለው ነው፣ አብሮ ሚጠብ አብሮ ሚላላ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ሞተሩ በኩል ከሆነ አየሩስ? እዛው ካለው ጭስ አይስብም?

መልስ፦ ጎበዝ! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው። ኮፈን ውስጥ ያለውን አየር ከሳባችሁ ማርሚታውን ሸሽታችሁ መልሳችሁ እሱ ጋ ሄዳችሁ ማለት ነው። አየሩ በራሱ ቱቦ ከውጪ፣ ከፊት በኩል መምጣት አለበት፣ የሳጥኑ መጋጠሚያም በሙሉ መታሸግ አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ደሞ አሁንም ያስፈልጋል፣ ባትሪ ያለው ሚጮኸው፣ ቀለም ሚቀይረውን ካርድ እርሱት፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው ካርድ አያይም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ መካኒክ ነኝ። እዚህ ውሃ 92 አካባቢ ነው ሚፈላው። እናንተ ደሞ ከዚህም በላይ ትወጣላችሁ፣ እንዴት አይፈላባችሁም?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ባቄላው በፕሬሸር ኩከር ካልሆነ አልበስል የሚልበት አገር ልጅ ነህና መልሱን ታውቀዋለህ። የታንኳ ክዳን ፕሬሸር ኩከር ናት። የኔዋ 1.2 ባር ነው ምትይዘው፣ ያ ደሞ ውጪ ካለው አየር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ንፁህ ውሃ እንኳ 120 አካባቢ ድረስ አይፈላም፣ ግማሽ በግማሽ ከአንቲፍሪዝ ጋር ሲሆን ደሞ ከዛም ያልፋል። የሞተሩ የኩላንት ገደብ ራሱ 120 ነው። ግን ነጥቡን ያዝ፣ ይሄ ሁሉ ሚሰራው መስመሩ ካልፈሰሰ ነው። ትንሽ ቀዳዳ ግፊቱን ካወረደችው ውሃው በሙሉ ሳያልቅ ገና መፍላት ይጀምራል። ሂተር መጨመር ማለት ቢያንስ ስድስት ሰባት አዲስ መጋጠሚያ መጨመር ማለት ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱን እንደ ጠላት እያቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ሰራሁ ግን ለብ ያለ አየር ብቻ ነው ሚመጣው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የኩላንቱን ሙቀት ንገረኝ። 60 ከሆነ ሂተሩ ተአምር አይሰራም። ይሄ ሞተር ከፋብሪካ ቴርሞስታት የለውም፣ በክረምት ራዲያተሩ ከልክ በላይ ያቀዘቅዘዋል። የራዲያተሩን ፊት በከፊል በቴፕ ሸፍን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከሩብ ጀምር፣ ረጅም ሙሉ ጋዝ መውጣት አድርገህ ጌጁን እያየህ። ለዘይቱም ይጠቅመዋል፣ ዘይቱ በየበረራው አንዴ 100 ዲግሪ ካልነካ ውስጡ ያለው እርጥበት አይተንም። ፀደይ ሲመጣ ቴፑን ማንሳት እንዳትረሳ፣ እኔ ቁልፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ።

ኩላንቱ 90 ሆኖም ለብ ካለ ግን አየር ይዞብሃል። የሂተሩ ራዲያተር ከታንኳ በታች መሆን አለበት፣ መስመሩም መሃል ላይ ጉብታ ከሰራ አየሩ እዛ ይቀመጣል። አፍንጫዋን ከፍ አድርገህ ቫልቩን ከፍተህ እየሞላህ አስነሳ፣ አቀዝቅዝ፣ ድጋሚ ሙላ። እኔ ሶስቴ ደጋግሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ኤፍኤኤስ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለስልጣን)? ፈቃድ ምናምን አለው?

መልስ፦ ራስ ሰራሽ ስለሆነች እራስህ መስራት ትችላለህ። ግን የአውሮፕላንህን ኦፕሬቲንግ ሊሚቴሽን (የበረራ ገደቦቿ የተጻፉበትን ሰነድ) አውጥተህ አንብብ፣ ለውጡ ሜጀር (ትልቅ ለውጥ) ከተባለ አካባቢህ ላለው የኤፍኤኤ ቢሮ አሳውቀህ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 5 ሰዓት የሙከራ በረራ ያለ ተሳፋሪ ትበራለህ። ሜጀር ባይባልም እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት። ክብደትና ሚዛኑንም ድጋሚ አስላ፣ የኔ ከነውሃው 3 ኪሎ ገደማ ነው፣ ያውም አፍንጫ ላይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አንተን አይቶ ሰራ፣ እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ እሱ ላቡ ይንጠፈጠፋል እኔ ጀርባዬ በረዶ ነው 😂

መልስ፦ እህቴ ሂተሩን ተይው፣ ቀዳዳ ነው። ሲበር ካቢን ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ትንሽ ስለሚያንስ ብርዱ በጅራት በኩል እየተሳበ ወደፊት ይመጣል፣ ቀጥታ ጀርባሽ ላይ። ከወንበሩ ኋላ የጨርቅ መጋረጃ አድርጉበት፣ የበሩን ዙሪያ ጎማ ቀይሩ፣ የስቲክና የፔዳል ገመድ ሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በቆዳ ቡት ሸፍኑ። የሞቀው አየር ደሞ መውጫ ከሌለው አዲሱ አይገባም፣ ትንሽ መውጫ ወደ ኋላ በኩል ተውለት። እኔ ቀዳዳ ስደፍን የዋልኩበት አንድ ቅዳሜ ሂተሩን ከሰራሁበት አንድ ወር የበለጠ ሙቀት ሰጥቶኛል። እስከዛ ድረስ ወንበር ቀያይሩና እሱ ይቅመሰው።