የከባድ ጭነት መሐንዲስ በሰሜን ባሕር
ጥያቄ፦ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ በስኮትላንድ፣ አበርዲን እኖራለሁ። ያረጁ የባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች ሲነሡ የከባድ ጭነት መሐንዲስ ሥራው ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናው ጉዳይ ክብደትና የክብደት ማዕከል ነው፤ መድረኩ ለአሥርተ ዓመታት ሲታደስ፣ ሲጨመርበትና ሲዝግ ስለቆየ፣ የመጀመሪያው ንድፍ የሚናገረውን ክብደት ብቻ ማመን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓዮኒሪንግ ስፒሪት የተባለችው መርከብ 24,000 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የብሬንት ዴልታ የተባለውን የሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረክ የላይኛውን ክፍል በአንድ ጊዜ ከማንሣቷ በፊት፣ ጥንካሬው በስሌት ተፈትሾ፣ ማንሻዎቹ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ተጠናክረውና እግሮቹ ተቆርጠው ነበር። ማዕበሉ ካልፈቀደ፣ ግፊት ቢኖርም እንኳ፣ «ዛሬ አይነሣም» ብሎ መጽናት ከስሌቱ እኩል የሙያው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። እርስዎ የመዋቅር ትንተና መሠረት ስላለዎት፣ መርከቦች በማዕበል ላይ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያስተምር ኮርስ ቢጨምሩበት መልካም ነው።