መልስ፦ በተተከለ ጥርስ ዙሪያ ድድ ሲደማ

እናትዎ ከሁለት ዓመት በፊት ባስተከሏቸው ጥርሶች ዙሪያ ድዳቸው ሲቦረሽ እንደሚደማ፣ ሕመም ግን እንደማይሰማቸው ጽፈዋል። «ሰው ሠራሽ ስለሆነ አይበላሽም» የሚለውን ምክር እባክዎ አይቀበሉት። የተተከለው ጥርስ ሥር የተሠራበት ብረት፣ ታይታኒየሙ፣ አይቦረቦርም፤ የሚታመመው ታይታኒየሙን የያዘው ድድና አጥንት ነው።

የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ስስ ጅማት አለ። የተተከለው ግን በቀጥታ ከአጥንቱ ጋር የተዋሐደ ነው። ስለዚህ አጥንቱ እያለቀ እንኳን ብዙ ጊዜ አያምም፣ ጥርሱም ለረጅም ጊዜ አይነቃነቅም። ሕመም አለመኖሩ ሊያዘናጋችሁ አይገባም፤ መድማቱ ራሱ የብግነት (የድድ መቆጣት) ምልክት ነው። ብግነቱ ድድ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጥሩ ጽዳት ይድናል፤ አጥንት ከደረሰ ግን የጠፋውን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው። ሐኪሙ በድዱና በተተከለው ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ጥልቀት እንዲለካ፣ ራጅ አንሥቶም ከቀድሞው ጋር እንዲያስተያይ ይጠይቁ።

እስከዚያው ደሙን ፈርተው መቦረሽ እንዳያቆሙ፤ ብዙዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበትን መስመር ቀስ ብሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። ለጥርሶቹ መካከል ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን ብሩሽ ይግዙላቸው። መፋቂያ ከለመዱም ለሌሎቹ ጥርሶች ይሁን፤ ስንጣሪው ድድ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ከተተከሉት ያርቁት። የስኳር ሕመም ካለባቸው ደግሞ ለጥርስ ሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳይቀሩ፤ ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ በቀላሉ አይድንም።