የአንባቢያን ጥያቄ፦ እምቢ ያሉት የትኞቹ ቁልፎች ናቸው?

ጥያቄ፦ የቢሮዬ ገመድ አልባ ኪቦርድ ስጽፍበት ፊደል ይዘላል። አንዳንዴ ደግሞ አንዴ የነካሁት ፊደል ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል። ባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሪሲቨሩ (የኪቦርዱን ምልክት የሚቀበለው ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ) የተሰካው ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ከውጭ ከሚሰካው ሀርድ ዲስክ ገመድ ጎን ነው። ቁልፎቹ ተበላሽተው ይሆን?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ቁልፎቹ ደህና ይመስላሉ። የተበላሸ ቁልፍ ሁልጊዜ ያው ራሱ ነው፤ ዛሬ «መ»፣ ነገ «ሰ» እያለ አይዞርም። ያገኘውን ፊደል ሁሉ የሚዘል ኪቦርድ ግን ሕመሙ ከኪቦርዱ እስከ ሪሲቨሩ ባለው የሬዲዮ ሞገድ ላይ ነው። መደጋገሙም ከዚያው ይመጣል። ጣትዎን ሲያነሡ ኪቦርዱ «ቁልፉ ተለቋል» የሚል መልእክት ይልካል። ያ መልእክት መንገድ ላይ ከቀረ ኮምፒውተሩ ቁልፉ አሁንም እንደተጫነ ቆጥሮ ያንኑ ፊደል ይደረድራል።

እንደ ጻፉልን ከሆነ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ሀርድ ዲስኩን ነው። ኪቦርዱ የሚነጋገረው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ (ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው) እና እሱ ላይ የተሰካው ዕቃ ከነገመዱ ፋይል ሲያመላልሱ በዚያው ሞገድ አካባቢ ረብሻ ይለቃሉ። ኢንቴል ይህንን በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በልኬት አሳይቶታል። በዚያ ላይ የኮምፒውተሩ የብረት ሳጥን በእርስዎና በሪሲቨሩ መካከል ገብቷል።

ለማረጋገጥ ሀርድ ዲስኩን በሥርዓቱ አስወጥተው ይንቀሉና አንድ ገጽ ያህል ይጻፉ። መዝለሉ ከቆመ ነገሩ ተገኘ። ሪሲቨሩን ራቅ ወዳለ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ማዛወር ሊበቃ ይችላል፤ የበለጠ የሚያስተማምነው ግን 1 ሜትር ገደማ የሚረዝም የዩኤስቢ 2.0 ኤክስቴንሽን ገመድ ገዝቶ ሪሲቨሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከኪቦርዱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ጠረጴዛው ብረት ከሆነ ሪሲቨሩ ከብረቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ፊደል የሚጠፋው ትንሽ አርፈው ሲመለሱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፊደሎች ላይ ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ መሰኪያውን ያስተኛዋል። ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሀብ የሚለውን ከፍተው፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ።

ስለ ድንጋዩም አንድ ነገር እንጨምር። ከሱቅ የወጣ ሁሉ ሙሉ አይደለም። አዲስ አልካላይን ድንጋይ በመልቲሜትር ሲለካ 1.5 ቮልት ወይም ትንሽ በለጥ ይላል፤ ከ1.2 በታች የወረደውን ይጣሉት። ቻርጅ የሚደረገው ግን ጤናማ ልኩ ራሱ 1.2 ገደማ ነውና በዚህ አይፍረዱበት። ሁለት ድንጋይ በሚይዝ ኪቦርድ ላይ አንዱን ብቻ አይቀይሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል፣ ፈሳሽ የሚያወጣውም እሱ ነው። አልካላይኑ አፍስሶ የድንጋይ ማስቀመጫው ስፕሪንግ ላይ ነጭ ዱቄት ከጋገረ፣ የጥጥ ዘንግ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክረው ይጥረጉት፤ ከዚያ በአልኮል አጽድተው በደንብ ይድረቅ።

ጥያቄ፦ ስኳር ያለው ሻይ ኪቦርዴ ላይ ተደፋ። ከደረቀ በኋላ አራት ቁልፎች አይሠሩም፤ የሚገርመው ጎን ለጎን እንኳ አይደሉም። በፀጉር ማድረቂያ ላድርቀው?
(ከደሴ)

መልስ፦ የፀጉር ማድረቂያውን ይተዉት። በተለመደው ኪቦርድ ውስጥ ከቁልፎቹ በታች ካሉት ጎማዎች ሥር ሦስት ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበው አሉ፤ ሙቀት ያጣምማቸዋል፣ ከተጣመሙም በኋላ አይቃኑም።

አራቱ ተራርቀው አብረው መሞታቸው ጥሩ ፍንጭ ነው። ከመቶ በላይ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ መስመር የለውም። ከላይኛውና ከታችኛው ፕላስቲክ ላይ የታተሙ መስመሮች እንደ መረብ ይሻገራሉ፤ ቁልፍ ሲጫኑ ሁለቱ በመካከለኛው ፕላስቲክ ቀዳዳ በኩል ይነካካሉ። አንድ መስመር ከተቋረጠ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ቁልፎች፣ የትም ይሁኑ የት፣ አብረው ዝም ይላሉ። አንድ ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክዳኑን ነቅሎ ሥሩን ማጽዳት በበቃ ነበር።

ስለዚህ መከፈት አለበት። ድንጋዩን አውጡ፤ ከተለጣፊ ጽሑፉና ከጎማ እግሮቹ ሥር የተደበቁ ብሎኖችን ሳትረሱ ፍቱ። የላይ ክዳኑን በኃይል አትገንጥሉት፤ ዳር ዳሩን የያዙት የፕላስቲክ ጥርሶች በቀላሉ ይሰበራሉ። ጎማዎቹን ከማንሣታችሁ በፊት ግን እንዴት እንደተደረደሩ ፎቶ አንሡ። ፕላስቲኮቹን በተጣራ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ስኳር የሚሟሟው በውኃ ነው፣ አልኮል ብቻውን አያነሣውም። ቀጥሎ በአልኮል ጥረጉ። የፋርማሲው 70 በመቶ ይሠራል፤ የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት አይሶፕሮፒል ግን ቶሎ ይደርቃል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋልና አጠገቡ አታድርሱት።

አብዛኛው ሰው የሚያልፈው ቦታ አለ፤ የፕላስቲኮቹ ጭራ ከትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የሚገናኝበት። እዚያ ብየዳ የለም፣ በአንድ ጠፍጣፋ ብረትና በብሎኖች ተጭኖ ብቻ ነው የሚያዘው። ሻዩ እዚያ ከገባ ወይም ብሎኑ ከላላ የእናንተው ዓይነት ነገር ይከሰታል። ጥቁሩን መነካኪያ በአልኮል ቀስ አድርጋችሁ አጽዱ፤ በላጲስ አትፈግፍጉት፣ ካርቦኑ ይነሣል። ብሎኖቹን ሁሉንም እኩል አጥብቁ። 48 ሰዓት አድርቃችሁ ሞክሩ። መስመሩ ራሱ ጠቁሮ ከተበላ ግን ሰው እንደሚለው በእርሳስ መቀባት አይመለስም፤ የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በግድ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ኪቦርድ መግዛት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድን ቁልፍ ተጭኜ ካልቆየሁ አይጽፍም። ከጓደኛዬ ሌላ ኪቦርድ ተውሼ ብሰካም ያው ነው።
(ከመቐለ)

መልስ፦ ሁለት ኪቦርድ በአንድ ቀን እንዲህ አይታመምም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፊልተር ኪይስ (አጭር የቁልፍ ንክኪን ችላ የሚያስብል የዊንዶውስ ቅንብር) በርቷል። የቀኙ ሺፍት 8 ሰከንድ ከተያዘ ዊንዶውስ «ላብራው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ «የስ» ማለት ይበቃል። እነ «ጠ»ንና «ጨ»ን ለመጻፍ ሺፍት አብዝቶ የሚይዝ አማርኛ ጸሐፊ በቀላሉ ይገባበታል። የቀኙን ሺፍት እንደገና 8 ሰከንድ ይዘው ያጥፉት። ከዚያ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ኪቦርድ ገብተው የፊልተር ኪይስን አቋራጭም ያጥፉት፤ አለበለዚያ ይመለሳል።