ጠይም ፊትን በዲጂታል ለምትስሉ ልጆች

ልጆቼ፣

ዲጂታል ፖርትሬት የሚጀምር ወጣት ቶሎ የሚጠይቀው «የቆዳው ቀለም የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ አስቀድማችሁ ተዉት። አማርኛችን እንኳ አንድ ቃል አልበቃ ብሎት ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጥቁር እያለ መልክን ይለያል። አንዲት ጠይም ሴት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ብታስተውሏት ደግሞ እዚያው አንድ ፊት ላይ ብዙ ቀለም ታያላችሁ። ግንባሯ ወደ ቢጫ ያደላል፤ አፍንጫዋና ጆሮዋ ቀላ ይላሉ፤ ከዓይኗ ሥር ወይን ጠጅ የነካው ጥቁረት አለ፤ የጉንጯ አጥንት ላይ ያረፈው ነጸብራቅ ለብቻው ቢታይ ግራጫ ነው። መሳል ያለባችሁ እነዚህን ልዩነቶች ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ ቀለለ። ፊት ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ጥቂቱ፣ በቀጥታ ሲመጣ ከመቶ 3 እጅ ገደማ፣ ከላዩ ነጥሮ ይመለሳል፤ በጎን ሲመጣ ከዚያ ይበልጣል። ይህ የብርሃኑን ቀለም እንደያዘ ነው የሚመለሰው፣ የቆዳውን አይወስድም። የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። ሜላኒን ከፊሉን፣ በተለይም ሰማያዊውን፣ ይውጠዋል፤ የተረፈው በሥጋና በደም መካከል ተበታትኖ ይወጣል፤ ከሁሉም ርቆ የሚጓዘው ቀዩ ነው። ፀሐይ ከኋላው የመታው ጆሮ የሚቀላው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙዎች ይስቱታል። ቆዳው በጠቆረ ቁጥር ከውስጥ የሚወጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ከላዩ የሚነጥረው ግን ያው ነው። ስለዚህ ጥቁር ፊት ላይ ነጸብራቁ ጎልቶ ይታያል፤ የግንባሩን፣ የአፍንጫውን፣ የጉንጩን ቅርጽ በብዛት የሚናገረውም እሱ ነው። ለነጣ ቆዳ የተዘጋጀን ትምህርት ወስዳችሁ ቀለሙን ብቻ ብታጠቁሩት ጭቃ የመሰለ ፊት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በፎቶም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፦ የኮዳክ ፊልም ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ለረጅም ዘመን «ሸርሊ» በምትባል ነጭ ሴት ካርድ ነበር፤ የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዛሬም የስልክ ካሜራ ጠይምን ፊት አንዳንዴ ያገረጣዋል፣ አንዳንዴ ያጨልመዋል። ቀለሙን ከፎቶው በመልቀሚያው እየለቀማችሁ አትሳሉ፤ ፎቶው ሲጨመቅ በየነጥቡ ቀለሙ ይዛነፋል፣ ከምትለቅሙት አሥር ነጥብ አሥር የማይገጥም ቡኒ ታገኛላችሁ።

ወደ ሥራው እንግባ። ሸራችሁን 3000 በ4000 ፒክስል አድርጉት። ፎቶሾፕ፣ ፕሮክሬት ወይም ያለ ክፍያ የሚገኘው ክሪታ፣ ከእነዚህ የሥዕል ፕሮግራሞች የትኛውም ይሠራል። የስክሪኑን የማታ ብርሃን አጥፉት፤ ስክሪኑ ቢጫ እየሆነባችሁ ሳታውቁት ፊቱን ወደ ሰማያዊ ትወስዱታላችሁ። ከዚያ ሸራውን መካከለኛ ግራጫ ቀቡት። ነጭ ሸራ ላይ ቡኒ ከእውነቱ በላይ የጠቆረ ስለሚመስል እጃችሁ እያነጣው ይሄዳል፤ በመጨረሻ አመድ የነፋበት ፊት ይቀራችኋል።

መጀመሪያ ሦስት እርከን ብቻ፦ ብርሃን ያረፈበት፣ መሸጋገሪያው፣ ጥላው። ጠርዙ ጠንካራ የሆነ ክብ ብራሽ፣ ስፋቱ የፊቱን አምስተኛ ያህል። ምስሉን አሳንሳችሁ የአውራ ጣት ጥፍር ሲያክል ሰውየው ማን እንደሆነና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ትንሽ ብራሽ አታንሡ። ችኮላ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሽፋሽፍት የሚሳልበት ጊዜ ሩቅ ነው።

ለመነሻ የሚሆን ቁጥር ልስጣችሁ፤ በቀኖና አትያዙት። በመስኮት ብርሃን ለተቀመጠ ጠይም ሰው፣ የቀለም መምረጫችሁን ሂው (የቀለሙ ዓይነት)፣ ሳቹሬሽን (የቀለሙ ድምቀት) እና ብራይትነስ (የቀለሙ ብሩህነት) ወደሚያሳየው ቀይሩትና ብርሃኑ ጋ 24፣ 52፣ 66 ሞክሩ። መሸጋገሪያው 19፣ 58፣ 48 ይሁን። ጥላው 14፣ 58፣ 26። ምን እንደሆነ አስተውሉ፦ እየጨለመ ሲሄድ ሂው ወደ ቀይ ይጠጋል፣ ሳቹሬሽኑም አይሞትም። ጀማሪ ጥላ ሲፈልግ ምልክቱን ቀጥታ ወደ ጥቁር ይጎትታል፤ ወይም መልቲፕላይ ላየር (ከሥሩ ያለውን የሚያጨልም ተደራቢ ገጽ) ከፍቶ ግራጫ ያፈስበታል፤ ፊቱ የጥቀርሻ ግድግዳ ይሆናል። መልቲፕላይ ከወደዳችሁ ቀላ ያለ ቡኒ ስጡት።

በግራጫ ስሎ ኋላ ቀለም ማልበስም ሰዎች ይወዳሉ። ለመማር ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከላይ አንድ ቡኒ በከለር ሞድ (የሥሩን ብርሃንና ጥላ ሳይነካ ቀለሙን ብቻ በሚቀይረው) ስታለብሱት ብርሃኑም ጥላውም አንድ ሂው ይይዛል፣ ፊቱም ደም ያጣል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ሌላ መደበኛ ላየር ከፍታችሁ የሥሩን በሚሸፍን ቀለም መልሳችሁ መሳል ግድ ነው። ለእኔ ከመጀመሪያው በቀለም መግባት ይሻላል።

ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት መስመር ላይ ጠበብ ያለ፣ ሳቹሬሽኑ ከ5 እስከ 10 የጨመረ ቀላ ያለ ቀለም አኑሩ። ከውስጥ የሚወጣው ቀይ ብርሃን የሚታየው እዚህ ነው። ብታበዙት ግን ፊቱ እንደ ፍም ይግላል፤ ቆዳው በጠቆረ መጠንም ቀጠን አድርጉት። ጢሙን የተላጨ ወንድ አገጩ ላይ ሳቹሬሽኑ በ8 ያህል ይቀንሳል። የላይኛው ከንፈር ጠቆር ብሎ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ የታችኛው ወደ ውስጥ ሲገባ ሮዝ ይሆናል። የዓይን ነጩም ነጭ አይደለም፤ ብራይትነሱ 70 አካባቢ ይሁን፣ የላይኛው የዓይን ቆብ የሚጥልበትን ጥላ አትርሱ።

ነጠላ ያጣፋች ሴት ስትስሉ ከአገጯ በታች ያለውን ጥላ ደጋግማችሁ እዩት። ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ጥላው በብራይትነስ 10 ያህል ይነሣል፣ ሳቹሬሽኑ ጥቂት ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ ብርሃን ካረፈበት ወገን ጋር መፎካከር የለበትም፤ ከተፎካከረ የአንገቱ ቅርጽ ይፈርሳል።

ፊቱ ፕላስቲክ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ ጉድለት ነው። ለስላሳ ብራሽ እጅ ላይ ይመቻል፣ ሁሉንም ይለዋውሳል፤ ውጤቱ የቀለጠ ሻማ ነው። አፍንጫ የሚጥለው ጥላ ከአፍንጫው ሥር ጠርዙ ስለታም ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይለዝባል። ጉንጭ ሲዞር የሚፈጠረው ጥላ ግን ከመነሻው የለዘበ ነው። በጣት መፈግፈጊያውን ትታችሁ፣ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ሦስተኛ ቀለም ለቅማችሁ በጠንካራው ብራሽ፣ ኦፓሲቲውን (ቀለሙ የሥሩን የሚሸፍንበትን መጠን) ከመቶ 40 አድርጋችሁ፣ መሸጋገሪያውን ራሳችሁ ገንቡት። ይዘገያል፤ ቅርጹ ግን ይቆማል።

ነጸብራቁን ከሁሉ በኋላ አስገቡ። ንጹሕ ነጭ አይሁን። መስኮት ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ፣ አምፖል ከሆነ ቢጫ፣ ጧፍ ከሆነ ብርቱካናማ ነው። ቅባት የነካው ፊት ነጸብራቁ ትንሽና ደማቅ ይሆናል፤ የደረቀ ቆዳ ላይ ሰፊና ደብዛዛ ነው። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት የፀጉሯ መነሻ አጠገብ ግንባሯ ይወዛል፤ ይህን የሚያይ ሠዓሊ ሥዕሉን ሕይወት ይሰጠዋል። የቆዳ ቀዳዳዎችን የምትነኩትም ያኔ ነው፦ በሻካራ ብራሽ፣ ኦፓሲቲ ከ10 እስከ 15፣ ነጸብራቁ ወደ መሸጋገሪያው በሚሰበርበት አካባቢ፣ በተለይ አፍንጫና ከአፍንጫ ጎን ያለው ጉንጭ ላይ። ጥላ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ሙሉ ፊቱን አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ብታለብሱት ቆዳው አሸዋ ወረቀት ይሆናል።

በየሃያ ደቂቃው ሥራውን በመስታወት እንደሚታየው ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ እዩት፤ ክሪታ ላይ ኤም የሚለውን ፊደል መጫን ይበቃል። ከሁሉም በላይ ጥቁር የተሞላ ላየር በከለር ሞድ አድርጋችሁ ብታበሩት ምስሉ ግራጫ ይሆናል፤ በግራጫው የማይለይ ቅርጽ ካለ ቀለም አያድነውም።

ለመለማመድ የሰው ፎቶ አትፈልጉ። ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ ግራ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ። የእጃችሁን ጀርባ አምስት ቦታ መርጣችሁ አምስት ካሬ ቀለም ብቻ ሳሉ፣ ከ20 ደቂቃ አትለፉ። ከዚያ እጃችሁን ገልብጡና መዳፋችሁን በዚያው ብርሃን፣ በአምስት ካሬ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጎን ሳሉት።